ከባር ሚጽቫ እስከ አዝካራ፦ የአይሁድ ቤተሰብ ቀኖች (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

እዚህ እስራኤል ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጣን አይሁዶች፣ ማለትም ቤተ እስራኤል፣ በድግስና በለቅሶ ቤት ስንገናኝ በአማርኛ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው የሰበሰብኩት፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ አስቸጋሪው እሄዳለሁ።

ባር ሚጽቫ ምንድን ነው? ስንት ዓመት ላይ ነው?

ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው ባር ሚጽቫ ይሆናል። "ያደርጋል" ሳይሆን "ይሆናል"። ቃሉ "የትእዛዝ ልጅ" እንደማለት ነው፤ ትእዛዛቱን የመጠበቅ ኃላፊነት ከወላጆቹ ትከሻ ወርዶ በራሱ ላይ ያርፋል። አዳራሽ ተከራያችሁም አልተከራያችሁም ቀኑ ሲደርስ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ለማኅበር ጸሎት ከሚያስፈልጉት አሥር ሰዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፣ የዮም ኪፑርን (የአስተስርዮን) ጾም እንደ ትልቅ ሰው ይጾማል።

አባትየው በዕለቱ የሚላት አጭር ምርቃት አለች። "ከዚህ ልጅ ቅጣት ነጻ ያወጣኝ ይባረክ" ትላለች። ሰው ሲሰማት ይስቃል። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም፤ ከእንግዲህ ጥፋቱም ጽድቁም የራሱ ነው ማለት ነው።

ለሴት ልጅስ?

ለሴት ባት ሚጽቫ ይባላል፤ 12 ዓመቷ ላይ ነው። ኦርቶዶክስ በሚባሉት ወግ አጥባቂ የአይሁድ ምኩራቦች አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ ኦሪት ለማንበብ አትጠራም። ሪፎርምና ኮንሰርቫቲቭ በሚባሉት ለዘብ ያሉ ምኩራቦች ግን እንደ ወንዱ ትጠራለች። ልማዱ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው የሚባለው የጁዲት ካፕላን ባት ሚጽቫ ሲሆን፣ የተደረገውም በ1922 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው።

ብዙ የእስራኤል ትምህርት ቤቶች በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች "የሥር ፍለጋ" የሚሉትን ሥራ ይሰጣሉ። ልጅቷ አያቷን ቁጭ አድርጋ ከየት መንደር እንደመጡ፣ በእግር ስንት ሳምንት እንደተጓዙ ትጠይቃለች። ዕብራይስጥ አልገባ ብሏቸው ለዓመታት ጥግ ይዘው የተቀመጡ አያት በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ይሆናሉ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ የባት ሚጽቫ ንግግር ከዚህ ቢወሰድ ኢንተርኔት ላይ ከተገኘ ንግግር ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ልጁ በዕለቱ ምንድን ነው የሚያደርገው?

ዋናው ወደ ኦሪት መጠራቱ ነው። በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል፣ ከብራናው ጥቅልል ፊት ቆሞ ይባርካል፣ ከቻለ ራሱ ያነባል። ጥቅልሉ ላይ አናባቢ የለም፣ የዜማ ምልክትም የለም። ስለዚህ ልጆች ወራት አስቀድመው ከአስተማሪ ጋር ይለማመዳሉ። ማንበብ የከበደው ልጅ ምርቃቱን ብቻ ብሎ ቢወርድ ምንም አልጎደለበትም። ይህን የምለው ልጃቸውን እንቅልፍ የነሱ ወላጆች ስላየሁ ነው።

ሁለተኛው ተፊሊን ነው። ሁለት ጥቁር የቆዳ ሳጥኖች ናቸው፤ ውስጣቸው ከኦሪት የተወሰዱ አራት ክፍሎች በብራና ላይ በእጅ ተጽፈው ይገኛሉ። አንዱ በክንድ፣ ሌላው ከግንባር ከፍ ብሎ በራስ ላይ ይታሰራል። ጠፍሩ ከክርን በታች ሰባት ጊዜ ይጠመጠማል። በሰንበትና በበዓል ተፊሊን አይታሰርም። ብዙ ቤተሰብ ሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋትን የሚመርጠውም ለዚህ ነው፤ በእነዚህ ቀኖች ኦሪት ይነበባል፣ ተፊሊን ይታሰራል፣ ፎቶም ማንሳት ይቻላል። በሰንበት ካደረጋችሁት ካሜራውን እርሱት።

ሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት ኢየሩሳሌም ወደ ኮቴል፣ ማለትም ወደ ምዕራባዊው ግንብ፣ ብትሄዱ ከበሮ፣ ጥሩምባና ግርግር ነው። ወንዶችና ሴቶች በአጥር ተለያይተው ይቆማሉ። የኛ አክስቶች ነጠላቸውን አጣፍተው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይወጡና በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ልጁ ሲጨርስ እልልታው ይቀልጣል፣ ከረሜላ ይዘንባል። ለስላሳውን ከረሜላ ግዙ። ደረቁ ያማል፤ በገዛ ግንባሬ አውቀዋለሁ።

አያቶቻችን ኢትዮጵያ እያሉ ባር ሚጽቫ ያደርጉ ነበር?

አያደርጉም ነበር። ቤተ እስራኤል ይዘው የኖሩት በግዕዝ የተጻፈውን ኦሪት ነው። ባር ሚጽቫም ሆነ ተፊሊን ዛሬ በምናውቀው መልክ የመጡት በረቢዎች ትምህርት በኩል ነው፤ ያ ትምህርት ደግሞ ጎንደርና ሰሜን አልደረሰም። በስምንተኛው ቀን መገረዝ፣ ሰንበት፣ ፋሲካ፣ የመንጻት ሕግ ግን በጥብቅ ይጠበቁ ነበር። ልጅ ማደጉ የሚታወቀው በሥራው ነው፤ ሞፈር ሲጨብጥ፣ ጾሙን ሲችል።

"እንግዲያው እኔ ሳላደርግ አረጀሁ፣ ጎደሎ ነኝ?" የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። በፍጹም። 13 ዓመት የሞላው አይሁዳዊ ሁሉ ባር ሚጽቫ ሆኗል። ደስ ካላቸው ግን ዛሬም ወደ ኦሪት መውጣት ይችላሉ። እንዲያውም አንዳንዶች በ83 ዓመታቸው ሁለተኛ ባር ሚጽቫ ያከብራሉ። መዝሙረ ዳዊት ላይ የሰው ዕድሜ 70 ነው ስለሚል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ አዲስ ቆጥረው 13 ይደምሩበታል።

ድግሱ ግዴታ ነው? ተጋባዥስ ምን ይዞ ይሄዳል?

ማዕድ ማዘጋጀት መልካም ልማድ ነው፤ አዳራሽ፣ ዲጄ እና አራት መቶ እንግዳ ግን ማንም አላዘዘም። እኛ ዘንድ አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው እንደሚከብድ አውቃለሁ። የአጎትህን ልጅ ጠርተህ ጎረቤቱን ብትተው ዓመት ሙሉ ይወራል። ቢሆንም የ13 ዓመት ልጅ ድግስ በባንክ ብድር ሲደገስ ደስ አይለኝም። ጠዋት ምኩራብ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ዳቦና ዶሮ ወጥ፤ እኔ የማስታውሳቸው ድግሶች እነዚህ ናቸው።

ስጦታው እዚህ አገር ብዙ ጊዜ በፖስታ የሚሰጥ ገንዘብ ወይም ቼክ ነው። ብዙዎች 18 ወይም የ18 ብዜት ይሰጣሉ፤ 180፣ 360 እንዲህ እያለ። በዕብራይስጥ ፊደል ሁሉ የቁጥር ዋጋ አለው፤ "ሕያው" የሚለው ቃል ፊደላት ሲደመሩ 18 ይሆናሉ።

ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው የሚሰላው?

በዕብራይስጡ። ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ማክሰኞ ማታ ከጨለመ በኋላ የተወለደ ልጅ የረቡዕ ልጅ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ወረቀት ላይ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም እዩ። ሁለተኛው አዳር የሚባለው ወር ነው። እኛ ጳጉሜን ላይ አንድ ቀን እንጨምራለን፤ ዕብራይስጡ ግን በየ19 ዓመቱ ውስጥ ሰባት ጊዜ ሙሉ ወር ይጨምራል። ያን ጊዜ አዳር ሁለት ይሆናል። በተራ ዓመት አዳር ወር የተወለደ ልጅ 13 የሚሞላው ሁለት አዳር ባለበት ዓመት ከሆነ፣ ባር ሚጽቫው በሁለተኛው አዳር ነው።

ከኢትዮጵያው አቆጣጠር በቀጥታ ወደ ዕብራይስጡ ለመዝለል አትሞክሩ። መጀመሪያ ወደ ፈረንጁ፣ ከዚያ ወደ ዕብራይስጡ ቀይሩት። ለምሳሌ ወገኖቻችን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የመጡበት የሰሎሞን ዘመቻ የጀመረበት ዓርብ ግንቦት 16 ቀን 1983 ነበር፤ በፈረንጁ ሜይ 24 ቀን 1991፣ በዕብራይስጡ ሲቫን 11 ቀን 5751። በዚያ በረራ ላይ የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ። ያን ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የተወለደ ካለ፣ ልደቱ ሲቫን 12 ነው።

ሠርጉ ላይ የቄሶቹ (የቤተ እስራኤል ካህናት) ሥርዓት ይቀራል ማለት ነው?

መቅረት የለበትም። በእስራኤል የአይሁድ ጋብቻ የሚመዘገበው በረቢዎች መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ ሑፓው (ድንኳኑ)፣ ቀለበቱ፣ የጋብቻ ውሉና የብርጭቆው መሰበር ይኖራሉ። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ቄሱ በሙሽራው ግንባር ላይ ነጭና ቀይ ክር የሚያስርበትን የቆየ ሥርዓት የሚያደርጉ ቤተሰቦች አሉ። ሁለቱ አይጣሉም። ሰባት ትውልድ ቆጥሮ ዘመድ አለመሆንን ማረጋገጡም ዛሬ ድረስ አለ፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ሽማግሌዎቹ ግን ቁጭ ብለው ይቆጥራሉ።

ለቅሶ ቤት ስሄድ ምን ልበል? ምን ልያዝ?

የአይሁድ የለቅሶ ቤት ልማድ ለኛ ሰው አይከብድም። ዝም ብለህ ገብተህ ትቀመጣለህ፤ ሐዘንተኛው ቀድሞ እስኪናገር ትጠብቃለህ። "እንደምን አላችሁ" አይባልም። ስትወጣ "አምላክ ከጽዮንና ከኢየሩሳሌም ሐዘንተኞች ጋር ያጽናችሁ" የሚለውን ትላለህ። ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ የመጡት "ከሰማይ ተጽናኑ" ይላሉ። በአማርኛ "እግዜር ያጽናችሁ" ብትል ማንም አይቀየምህም።

ሐዘንተኞች ከቀብር መልስ የሚበሉትን የመጀመሪያ ምግብ ከራሳቸው ቤት አይበሉም፤ ጎረቤት ነው የሚያመጣላቸው። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ምስር። ክብ ነገር ነው፤ ሐዘንም እንደዚያ ከቤት ቤት ይዞራል ይላሉ። ኤሳው ብኵርናውን የሸጠበት ምስር ወጥ እንኳ፣ በረቢዎች ትውፊት መሠረት፣ አብርሃም በሞተ ቀን ለለቅሶ የተሠራ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ንፍሮ ነው። አበባ ይዞ መሄድ ግን የተለመደ አይደለም፤ መቃብር ላይም የሚቀመጠው ትንሽ ድንጋይ ነው።

ሺቭዓ ስንት ቀን ነው? ማን ይቀመጣል?

ሰባት ቀን። ሺቭዓ ከቀብር በኋላ ቤት ውስጥ ለሐዘን መቀመጥ ነው፤ የሚቀመጡት የሟቹ አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ ወንድም፣ እህት እና ባል ወይም ሚስት ናቸው። አማችና የአጎት ልጅ የልባቸው ቢያዝንም ሕጉ አይመለከታቸውም። የቀብሩ ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከመምሸቱ በፊት ጥቂት ሰዓት ቢቀረውም። ሰባተኛው ቀን ጠዋት ጥቂት ተቀምጠው ይነሳሉ። መሐል ያለው ሰንበት ይቆጠራል፣ ሐዘኑ ግን በአደባባይ አይታይም። ፋሲካን የመሰለ ትልቅ በዓል ከገባ ደግሞ የቀረውን ቀን ያነሳዋል።

ከዚያ ሠላሳው ቀን አለ፤ ጢም አይላጭም፣ ጸጉር አይቆረጥም። እዚህ ላይ ወንዶቻችን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ለአባትና ለእናት ደግሞ ዓመት ነው። ሰባቱና ሠላሳው ለኛ እንግዳ አይደሉም። ዮሴፍ ለአባቱ ሰባት ቀን አለቀሰ፣ ሕዝቡ ለአሮንና ለሙሴ ሠላሳ ቀን አለቀሱ፤ ሁሉም ኦሪት ውስጥ አለ። አርባና ሰማንያ የምንለው ግን የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ነው። ፊት መንጨትና ገላን መቧጠጥም በኦሪት የተከለከለ ነው፤ በሐዘን የሚቀደደው ልብስ ነው፣ ያዕቆብ በዮሴፍ ሐዘን እንደቀደደው።

አባቴ ከሞተ አራት ወሩ ነው፤ የልጄ ባር ሚጽቫ ደረሰ። ይተላለፍ?

ልጁ 13 መሙላቱን ማንም ሊያስተላልፈው አይችልም። ወደ ኦሪት ይጠራል፣ ተፊሊን ያስራል። የሚያጠያይቀው ሙዚቃውና አዳራሹ ነው፤ በሐዘን ዓመት ላይ ያለ ሰው ከፈንጠዝያ ይርቃል፣ የገዛ ልጅ ደስታ ግን የተለየ ነገር ስለሆነ ረቢያችሁን ጠይቁ። ያየኋቸው ቤተሰቦች ያለ ሙዚቃ ማዕድ ሠርተው፣ ልጁ ስለ አያቱ ሁለት ቃል ተናግሮ ጨርሰዋል።

አዝካራ እና ተዝካር አንድ ናቸው?

የቃሉ ሥር አንድ ነው፤ ሁለቱም ማስታወስ ከሚለው ይመጣሉ። በኢትዮጵያ ቤተ እስራኤልም ለሟች ተዝካር ይደግሱ ነበር፤ ቄሶች በግዕዝ ይጸልያሉ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ይመርቃል። አዝካራ እዚህ አገር የምናደርገው ነው፤ መቃብሩ ጋ ሄዶ መጸለይ፣ ቤት ተመልሶ ፍራፍሬና ምግብ ባርኮ መብላት። ሟች በሞተበት የዕብራይስጥ ቀን በየዓመቱ ይደረጋል። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ 24 ሰዓት የሚነድ ሻማ ይበራል።

መቃብር ላይ ብዙ ጊዜ የሚነበበው የዳዊት መዝሙር 119 ነው። በግዕዙ ዳዊት 118 ነው ቁጥሩ። መዝሙሩ በፊደል የተከፈለ ስለሆነ የሟቹን ስም ፊደላት እየተከተሉ ያነቡታል። አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚለው ክፍል በግዕዙም ስላለ፣ ዳዊት የደገሙ አባቶቻችን ቦታውን ከወጣቶቹ ቀድመው ያገኙታል።

ቃዲሽ ማን ይላል? አረማይክ የማያነብስ?

ቃዲሽ ሐዘንተኛ በማኅበር ጸሎት ላይ የሚለው ጸሎት ነው። ለአባትና ለእናት ወንዶች ልጆች ይላሉ፤ በብዙ ቦታ 11 ወር ነው። በአንዳንድ ማኅበረሰቦች ሴት ልጆችም ይላሉ። ብቻ አሥር ሰው መሟላት አለበት። የሚገርመው በቃዲሽ ውስጥ ሞት የሚል ቃል የለም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአምላክ ምስጋና ነው። ቋንቋው አረማይክ ስለሆነ ለእስራኤላውያንም ግር ይላል። በአማርኛ ፊደል ተጽፎለት የሚያነብ አጎት አለኝ። አሜን ይባልለታል፣ ያ በቂ ነው።

ዘመድ ጎንደር ሞቶ ወሬው ዘግይቶ ቢደርስስ? መርዶው እንዴት ይሁን?

በባህላችን መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውዬው ለሥራ ከመውጣቱ በፊት በማለዳ በር ይንኳኳል፤ አንዱ ይነግራል፣ ሌላው ይይዛል። እዚህ ደግሞ ቀብሩ ከተቻለ በዚያው ቀን ነው፣ ስለዚህ ወሬው በስልክ ይሮጣል። እኔም አንዱን ሞት የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው፤ የደወለልኝ ሰው ስሜን ብቻ አረጋግጦ ነገረኝ። እንዲህ አይደረግም።

የአይሁድ ሕግ በዚህ ላይ ለኛ ልማድ የቀረበ ነው። የዘመዱን ሞት ያላወቀን ሰው የመንገር ግዴታ የለም፤ ለወንዶች ልጆች ግን ቃዲሽ እንዲሉ መንገር ተለምዷል። ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ ከተሰማ፣ ሰሚው ከሰማበት ቀን ጀምሮ ሙሉ ሰባት ቀን ይቀመጣል። ከ30 ቀን በኋላ ከሆነ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ጫማውን አውልቆ፣ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ፣ አንድ ሰዓት አልቅሶ ይነሳል። ይህን ስናገር "እንዴት ለእናት አንድ ሰዓት?" ብለው የተቆጡኝ አሉ። ሰዓቱ የሺቭዓው ነው፤ ለእናትና ለአባት ልብስ መቅደዱና የዓመቱ ሐዘን አይቀርም። ሰው መጥቶ አያጽናናችሁ የሚልም የለም።

የሞተበት ቀን ካልታወቀስ?

ይህን የሚጠይቁኝ በሱዳን በኩል የመጡት ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጁ፣ በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል። ቀን የመዘገበ አልነበረም፤ አይሁዳዊነት ራሱ የሚደበቅበት ጊዜ ነበር። ለሁሉም በአንድነት መታሰቢያ የሚደረገው በኢያር 28፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርጽል ተራራ ባለው ሐውልት ነው። ለራስ ሟች ግን ሕጉ ቀን መርጣችሁ ያዙ ይላል። አንዴ ከተመረጠ በየዓመቱ ያው ነው። ከመምረጣችሁ በፊት ግን ያቺን ዘመን ያዩትን አስቀምጣችሁ ጠይቁ፤ ሰው ቀን ባያውቅ ዝናብና ጨረቃ ያውቃል።

አክስቴ እናቷን የቀበረችው ሱዳን ውስጥ፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ነው። "ቀኑን አላውቅም" ስትል ኖረች። አንድ ረቢ ቁጭ ብሎ ሲጠይቃት፣ አስተስርዮ ጾመው ከፈቱ በኋላ እንደነበር፣ ሌሊት ሲቀብሯት ጨረቃዋ ገና እንዳልሞላች ነገረችው። ዮም ኪፑር ቲሽሪ 10 ነው፣ ጨረቃ የምትሞላው በ15። የቀሩት ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እሷ 12ን መረጠች። አሁን በየዓመቱ የዳስ በዓል ሊገባ ሲል፣ በዋዜማው ምሽት፣ ሻማውን ኩሽናዋ መስኮት ላይ ታበራለች። መጋረጃውን አትዘጋም፤ ጨረቃዋን ታያለች።